የካፒታኖው ነጭ ወይንና የእናቴ ቁርባን

ካፒታኖው የፈረንሳይ ወይን ጠጁን የሚደብቀው «መድኃኒት» ተብሎ በተጻፈበት ሣጥን ውስጥ ነበር። ከእኛ አይደለም የሚደብቀው፤ እኛማ ከጠጅና ከጠላ፣ ሲብስም ከአረቄ ሌላ የሚጠጣ ነገር በዓለም ላይ መኖሩን አናውቅም። የሚደብቀው ከገዛ አለቆቹ ነው። ያኔ ጣሊያንና ፈረንሳይ ተኳርፈዋል ይባል ነበር፤ የጣሊያን ሹም የሆነ ሁሉ የአገሩን ይብላ፣ የአገሩን ይጠጣ ተብሎ ታዟል አሉ። ስለዚህ ካፒታኖው ሰው ፊት የአገሩን ቀይ ወይን እያሞገሰ ይጠጣል። ከምሳ በኋላ ደግሞ በሩን ዘግቶ መድኃኒቱን ይወስዳል። በዚያ ዘመን ደብረ ማርቆስ ውስጥ እንደሱ መድኃኒቱን ሳያስታጉል የሚወስድ በሽተኛ አላየሁም።

ይህን የማውቀው ልብስ አጣቢው ስለነበርኩ ነው። ምን እንደበላና ምን እንደጠጣ ከሸሚዙ ደረት ላይ አነባለሁ፤ ፊደል የቆጠርኩት ካረጀሁ በኋላ ቢሆንም ያንን ማንበብ ግን ያኔም እችል ነበር። ሥራውን የያዝኩት ከባሌ ተፋትቼ ወደ እናቴ ቤት በተመለስኩበት ዓመት ነው። ደመወዜ ጨው ነበር። ጨው ከገበያ ጠፍቶ ስለነበር ደስ ብሎኝ ተቀበልኩ። የሰፈሩ ሰው ጠዋት ሲያገኘኝ «የሶላቶ አጣቢ» ብሎ ይሰድበኛል፤ ከሰዓት በኋላ እፍኝ ጨው ፍለጋ ደጃችን ይቆማል። እኔም ስድቡን ተቀብዬ ጨውን እሰጣለሁ። ምን ይደረግ።

የዚያን ጊዜ የቤታችን ጭንቅ ግን ጨው አልነበረም፤ የእናቴ ቁርባን ነበር።

እናትና አባቴ የተጋቡት በሰማንያ ነው። የሰማንያ ጋብቻ ደግሞ ሲበጅ ይኖሩበታል፣ ሳይበጅ ሽማግሌ ጠርተው ያፈርሱታል። አባቴ ሽማግሌ መጥራት እንኳ አይወድም፤ ዝም ብሎ ነው የሚሄድ። አንድ ጊዜ ዳሞት፣ ሌላ ጊዜ አቸፈር ሄዶ ጎጆ ቀልሶ፣ ሁለቱንም ጊዜ ከስቶና ቅማል ይዞ ተመለሰ። እናቴ ሁለቱንም ጊዜ ልብሱን ቀቅላ አስገባችው። ከሠላሳ ዓመት በኋላ ግን ጠጉሯ ሲሸብት አንድ ነገር ብቻ ፈለገች፤ አብረው ሥጋ ወደሙ ተቀብለው እንዲያረጁ። የቆረበ ባልና ሚስት አይፋታም፣ ሌላም አያገባም። በእኛ አገር ሰው ወደ ቁርባን የሚቀርበው ሥጋው ከደከመ በኋላ ነው፤ አባቴ ግን ስልሳ አልፎትም ሥጋዬ ገና አልደከመም ባይ ነበር።

«ሬሳዬ ሲወጣ ባሌ ከፊት እንዲሄድ ነው የምፈልግ» ትለው ነበር እናቴ። «ከየትኛው ቤት ተጠርቶ ይምጣ እየተባለ እንዲፈለግ አይደለም።»

ቁርባንን እምቢ የሚል ሰው የለም። አባቴም እምቢ አላለም። «እሺ» አለ፤ ከዚያ ጾሙ ይለፍ፣ ጾሙ ሲያልፍ እህሉ ይሰብሰብ፣ እህሉ ሲሰበሰብ እግሬን አሞኛል ሲል ቆየና ጣሊያን ገባ። የአገራችን ወንድ ጫካ የገባው ለአገሩ ብሎ ነው። አባቴም ለአገሩ ብሎ ነው፤ ይኸ አይካድም፣ ሁለት ጊዜ ቆስሏል። ነገር ግን እኔ ልጁ ነኝና ልናገር፤ ግማሹ ለአገሩ፣ ግማሹ ቁርባን ሽሽት ነበር። በየሁለት በየሦስት ሳምንቱ ስንቅ ሊወስድ ብቅ ይላል። በሶውን ሲበጠብጡለት እናቴ የቁርባኑን ወሬ ታነሳበታለች፤ እሱም ጠጥቶ ሳይጨርስ ጠመንጃውን ያነሳል።

ይባስ ብሎ ዘቢብ ጠፋ። ቤተ ክርስቲያናችን ለቁርባን ወይን ጠጅ አትገዛም፤ ዘቢብ በውሃ ተዘፍዝፎ፣ ታሽቶና ተጨምቆ ነው ወይኑ የሚዘጋጀው። ዘቢቡን ከሩቅ አገር የሚያመጡት ነጋዴዎች ናቸው። መንገዱ ሲዘጋ ዘቢቡም ቆመ፤ የአጥቢያችን ካህናት ማሕሌት ይቆማሉ፣ ኪዳን ያደርሳሉ፣ ቅዳሴው ግን ተቋረጠ። ምእመኑ ሁሉ አዘነ። አባቴ ይህን የሰማ ለት ፊቱ እንዴት እንደበራ አልረሳውም።

«እኔማ ነገ ዛሬ ሳልል በቆረብኩ» አለ፣ እጁን እያሻሸ። «ዘቢቡ የታለ?»

እናቴ አባቴን አንቱ የምትለው ስትናደድ ብቻ ነው። «ዘቢቡን እኔ አመጣለሁ። እርስዎ ብቻ እግርዎን ሰብስበው ይጠብቁኝ» አለችው።

ይጁቤ ድረስ በእግሯ ሄደች። እዚያ ከአባት ከአያቱ ጀምሮ ለአብያተ ክርስቲያናት ዘቢብ ሲሸጥ የኖረ እስላም ነጋዴ ነበር፤ ዘቢብ በሚታሰርበት ጨርቅ ውስጥ ቅርንፉድ ጠቅልሎ በነጻ ሰጣት። «እትዬ፣ አንዲት ፍሬ ብትኖረኝ ለእርስዎ ነበር የማስቀምጣት። መንገዱ እስኪከፈት ይታገሡ» አላት። እናቴ ቅርንፉዱን ይዛ ተመለሰችና ሣጥኗ ውስጥ ከተተችው። በዚያው ክረምት ሳል ያዛት። እያደር ጎድኗን ይዛ መቀመጥ ጀመረች። «ከፋሲካ አላልፍም» ስትልም ሰማሁ። ከእናቴ ሌላ ማን አለኝ?

አሁን ወደ ካፒታኖው ልመለስ፤ የሱ ነገር የጀመረው እናቴ ከመታመሟ ሦስት ዓመት ቀድሞ ነው።

አንድ ቀን ልብስ ሳሰጣ ጠራኝ። ጠረጴዛው ላይ ረጅም አንገት ያለው ጠርሙስ ቆሟል፤ አጠገቡ ከመረብ ማዶ የመጣው አስተርጓሚ። ይኸ አስተርጓሚ ካፒታኖው ሦስት ቃል ከተናገረ እሱ ሠላሳ አድርጎ የሚያወጣ፣ እኔ ሠላሳ ከተናገርኩ ግን አንድ አድርጎ የሚያገባ ሰው ነበር። ወይኑ ነጭ ነው አሉኝ። ነጭ ይበሉት እንጂ ነጭ አይደለም፤ የጤፍ ገለባ ይመስላል። ካፒታኖው አፍንጫውን ብርጭቆው ውስጥ ከቶ ዓይኑን ጨፈነ። «እርጥብ ድንጋይ ይሸታል» አለ። «የድንጋይ ሽታ፣ ከዚያ አበባ፣ ከዚያ ማር።» ድንጋይ የሚሸት መጠጥ ብሎ የሚደሰት ሰው የመጀመሪያዬ ነው። ከዚያ ለእኔ ትንሽ ቀዳልኝና ምን እንደሚሸተኝ ጠየቀኝ።

«ሎሚ የታጠበበት ውሃ» አልኩ።

አስተርጓሚው ብዙ ተናገረ። ኋላ ስጠይቀው «ገነት ገነት ይሸተኛል፣ ለዚህ ያበቃኝ ጌታ ይመስገን ብላለች አልኩት» አለኝ። ካፒታኖው ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር።

እውነቱን ከተናገርኩ አይቀር፣ ጠጥቼው ወደ ገመዱ ከተመለስኩ በኋላ ምላሴ ላይ አንድ ነገር ቀረ። ቀዝቀዝ ብሎ፣ ቆይቶ ደግሞ ጣፈጠ። ጥሩ ነበር። ጥሩ መሆኑ አናደደኝ። መሬታችንን የወሰደ ሰው ቢያንስ የሚጠጣው ነገር መጥፎ ቢሆን ምናለበት ብዬ ሸሚዙን አለቅጥ ጠመዘዝኩት።

የዚህ ወይን አገር አንዲት ኮረብታ ናት አለ ካፒታኖው። ከኮረብታዋ ወዲህና ወዲያ ያለው ወይን ርካሽ ነው፤ ከእሷ የሚወጣውን ግን ነገሥታት ይሻሙበታል። ፊቷን ወደ ፀሐይ መውጫ አዙራለች። መሬቷ ነጭ ድንጋይ ነው፤ ድንጋዩ ቀን ሙቀቱን ይሰበስባል። ከብዙ መቶ ዓመት በፊት መነኮሳት አፈሩን በምላሳቸው እየቀመሱ ቦታውን መረጡ፣ ወይኑንም ተከሉ። እዚህ ላይ ካፒታኖው ጣቱን አነሳ። ወይን ተክል መሠቃየት አለበት አለ። ፍግ አይሰጠውም፣ ውሃ አይጠጣም፤ ሥሩ ጥሙን ለማስታገሥ ድንጋዩን እየሰነጠቀ ይወርዳል፤ ያ ጣዕም የሚመጣው ከሥቃዩ ነው። ከዚያች ኮረብታ የአክስቱ ልጅ ሰርቆ፣ በእርጥብ ጆንያ ጠቅልሎ የላከለት አንድ እቅፍ ቅርንጫፍ አለው። ጎጃም ውስጥ የዚያን ወይን ወንድም ያበቅላል። ለአለቆቹም የጣሊያን ነው ይላቸዋል።

ፊቷን ወደ ፀሐይ መውጫ ያዞረች መሬት ሲፈለግ የተገኘችው ከካፒታኖው ግቢ ጀርባ ያለችው የእናቴ ርስት ናት። «ለመንግሥት ተፈልጓል» ተባለ፤ አለቀ።

ከዚያ ያገሬ ገበሬ ሁሉ ተጠርቶ ድንጋይ ወደ ማሳ አስገባ ተባለ። ገበሬ ከልጅነቱ እስከ ሞቱ ድንጋይ ከማሳ ሲያወጣ ነው የሚኖረው። ሰዉ የተሳሳተ ትእዛዝ የሰማ መስሎት ድንጋዩን ከማሳው አንስቶ ወደ ውጭ ይጥል ጀመር፤ ጅራፍ ሲያርፍበት ነው የገባው። መጀመሪያ ያስገቡት በማሳው ዳር የተከመረውን ነው። እናቴ አጥር ተደግፋ ታይ ነበር። ያ ክምር እሷ ከተዳረች ጀምሮ በየክረምቱ እየለቀመች የጣለችው ነው።

«ሠላሳ ዓመት ያወጣሁትን በአንድ ቀን መለሰው» አለች። ተቆጥታ እንኳ አልነበረም፤ የሰውየውን ጤንነት ነበር የጠረጠረችው።

ካፒታኖው ስለ ሥቃይ ያለውን ነገር አስተርጓሚው ለገበሬዎቹ ሲያስረዳ፣ ድንጋይ በጫንቃው የተሸከመ አንድ ሽማግሌ ቆም ብሎ «እኛም ስንሠቃይ ነው የኖርነው፣ እስቲ ምን ጣዕም ወጣን?» አለ። አስተርጓሚው ይህንን አልተረጎመውም።

የመጀመሪያው ዓመት ክረምት ገሚሱን ተክል አበሰበሰው። በሁለተኛው ዓመት በረዶ መታው። የጎጃም ሰማይ ሥቃይ በመስጠት በኩል ካፒታኖው ካሰበው በላይ ለጋስ ነበር። በሦስተኛው ዓመት ከዚያ ሁሉ ተክል አንዲት ሐረግ ብቻ አፈራች። እሷም እኔ ልብስ ከማጥብበት ድንጋይ አጠገብ ያለችው ናት፤ የእንዶድ እጣቢ ስደፋባት፣ የውሃ ቀጂዋ አህያ ቆማ ስትጥልባት የኖረች። ሥቃይ የሚባል ነገር አታውቅም። ካፒታኖው ግን «አያችሁ፣ ድንጋዩ!» እያለ ተደሰተ። ሦስት ዘለላ ነው የያዘችው። ከአሮጌ ሸሚዙ ሦስት ትንንሽ ከረጢት አሰፋኝና ወፍ እንዳይነካቸው ዘለላዎቹን በገዛ እጁ አለበሳቸው። ማንም እንዳይደርስባቸው፣ የሚፈታቸው እሱ ራሱ እንደሆነ አዘዘ። ከዚያ ወታደሮቹን ይዞ አርበኞች ፍለጋ ወደ ገጠር ወጣ።

እኔ የዚያን ሰሞን ሌላ ነገር አይታየኝም ነበር። በየጠዋቱ እናቴ ስትስል ሰምቼ እወጣለሁ፤ ስደርስ ሦስቱ ከረጢቶች ተንጠልጥለው አያለሁ። ዐቢይ ጾም ገብቷል። ወይን ሲደርቅ ዘቢብ ነው። ይህን ለማወቅ ዲማ ገዳም ሄዶ መማር አያስፈልግም።

አንድ ቀን እኩለ ቀን ላይ፣ ዘበኛው ምሳውን ሲበላ፣ ከነከረጢታቸው ቆረጥኳቸውና ከታጠበው አንሶላ ሥር ከትቼ ቅርጫቱን ተሸክሜ በበሩ ወጣሁ። ዘበኛው በሩን ከፈተልኝ።

«ይኸ ከየት መጣ?» አለች እናቴ።

«ካፒታኖው ሰጠኝ።»

እናቴ ተንበርክካ ካፒታኖውን መረቀችው። ለእናቱ፣ ለአገሩ እንዲያበቃው፣ ጥይት እንዳይነካው። ባሏ በዚያው ሰዓት ካፒታኖውን ለመግደል ጫካ ውስጥ አድፍጧል። እኔ ደግሞ በሁለቱ መካከል እግዚአብሔር የትኛውን እንደሚሰማ ጨነቀኝ።

ፍሬውን በሰፌድ አስጥተን፣ ዝንብ እንዳያርፍበት በነጠላ ሸፍነን ፀሐይ ላይ አዋልነው። እናቴ ቀኑን ሙሉ ከአጠገቡ አትነሣም። ነጩ ወይን እየተጨማደደ፣ እየቀላ፣ ኋላ ቡናማ እየሆነ ሄደ፤ በሁለት ሳምንቱ ዘቢብ ሆነ። እናቴ በዘመድ እጅ ወደ ጫካው ላከች፤ «ዘቢብ ተገኝቷል፣ እሑድ ቅዳሴ አለ፣ ይምጡ» ብላ። አንቱ ብላ ነው የላከችው። ከወዲያ መልስ አልመጣም።

በዚህ መካከል ካፒታኖው ተመለሰ። ባዶውን ሐረግ ሲያይ ራሱን ይዞ ተቀመጠ። ዘበኛው የሚገረፍ መስሎት «ጦጣ ናት፣ በዓይኔ አይቻታለሁ» ብሎ ማለ። ካፒታኖው ሁለት ቀን ሙሉ ዛፍ ላይ ባሉ ጦጣዎች ሲተኩስ ዋለ። አርበኞቹ ጓዶቻቸው ከተማውን የከበቡ መስሏቸው ሊረዱ ተሰብስበው እንደነበር ኋላ ሰማን። ለማንኛውም ጥፋቱ በጦጣ ላይ ተደምድሟል፤ በእኔ ላይ የደረሰ ጥርጣሬ አልነበረም። ዝም ብዬ ብቀመጥ ነገሩ ያኔ ባለቀ ነበር።

ግን ዘቢቡ መመርመር አለበት። ለነፍስ አባታችን ወሰድኩላቸው፤ ዲማ ተምረው ያረጁ፣ ነገር በዝግታ የሚያኝኩ ካህን ነበሩ። አንዷን ፍሬ አሻሹ፣ አሸተቱ።

«ማን ነው የተከለው?»

«የፈረንሳይ መነኮሳት ናቸው አሉ፣ ጥንት።»

«ካቶሊክ» አሉና ፍሬዋን ወደ ሰፌዱ መለሷት። ረጅም ጊዜ አሰቡ። በመጨረሻ «ሐረጉ አልተጠመቀም። ያልተጠመቀ ነገር የእኛም የእነሱም አይደለም፣ የእግዚአብሔር ፍጥረት ነው» ብለው አሳለፉት። ተነፈስኩ። ከዚያ ቀና ብለው አዩኝ። «እንዴት አገኘሽው?»

ለእናቴ ዋሽቻለሁ፤ ለነፍስ አባቴ ግን አፌ እምቢ አለኝ። ሰረቅሁ አልኩ።

«መሬቱ የማን ነው?»

«የእናቴ።»

«ድንጋዩን ማን ተሸከመው?»

«የእኛው ሰው።»

«ውሃ ያጠጣው?»

«እኔ። የልብስ እጣቢ ነው።»

«ቅርንጫፉንስ ከየት አመጣው?»

«ከፈረንሳይ፣ አሰርቆ።»

አባ ጢማቸውን አሻሹ። «ታዲያ የሱ የሆነው ምኑ ነው?»

አሰብኩ፣ አሰብኩ። «ከረጢቶቹ» አልኩ።

«በይ ከረጢቶቹን መልሺ። ወደ ሰውየው ዕቃ ሳይገቡ ዘቢቡ ወይኑ ወደሚሰናዳበት ቤተ ልሔም አይገባም። ለእናትሽ ስለዋሸሽው ደግሞ አርባ ስግደት ስገጂ» ብለው አሰናበቱኝ።

አሁን ሰው ይህን ሲሰማ፣ ከረጢቶቹን ከሐረጉ ሥር ጣል አድርገሽ አትሄጂም ነበር ወይ ይለኛል። ጭቃ አስነክቼ፣ ጥርስ የነከሰው አስመስዬ ቀደድ ባደርጋቸው ጦጣዋ ጣለችው ይባል ነበር። ልክ ነው። ነገር ግን አባ ወደ ዕቃው ይግባ አሉ፤ የካፒታኖው ልብስ የሚገባበት ዕቃ ደግሞ የልብስ ሣጥኑ ነው። ደግሞ ከረጢቶቹ የወይን ጭማቂ ነክቷቸው ቆሽሸዋል፤ እኔ ለባለቤቱ የቆሸሸ ጨርቅ መልሼ አላውቅም። የሰረቅሁትን ሰው ዕቃ አቆሽሼ ብመልስማ ሌላ ኃጢአት ነው። ስለዚህ በእንዶድ አጠብኳቸው፤ አሰጣኋቸው፤ በከሰል ካውያ ተኮስኳቸው፤ ሦስቱንም በልክ አጣጥፌ ቅዳሜ ጠዋት ከሸሚዞቹ በታች አስቀመጥኳቸው። ሥራዬን አይቼ ደስ ብሎኝም ነበር።

ምሳ ሳይደርስ ተጠራሁ። ካፒታኖው ሦስቱን ከረጢቶች ጠረጴዛው ላይ ደርድሯቸዋል። አስተርጓሚው ላብ ላብ ብሎታል።

«ካፒታኖው እንዲህ ይላሉ» አለ። «የጎጃም ጦጣ ልብስ ታጥባለች ወይ? ትተኩሳለች ወይ?»

ወይኑን ምን እንዳደረግሁት ጠየቀ፤ በላሽው ወይ አለ። አልበላሁትም አልኩ። እናቴ ታማለች፣ ከአባቴ ጋር ልትቆርብ ነው፣ ዘቢብ ከጠፋ ቆይቷል፣ እሷ ደግሞ ፋሲካን አልፋለሁ ብላ አታስብም። አስተርጓሚው በዚያን ቀን ብቻ አንድም ሳይጨምር፣ አንድም ሳይቀንስ ተረጎመ፤ ድምፁ እንኳ ዝቅ ብሎ ነበር። ካፒታኖው አንዱን ከረጢት አንስቶ በጣቱ ዳበሰ። ልቡ ራርቷል ብዬ ተስፋ አደረግሁ።

«ቢያንስ ጥሩ ወይን ወጣው?» አለ።

«ወይን ጠጅ አይደለም» አልኩት። «አድርቀነው ዘቢብ ሆኗል። ለቅዳሴው በውሃ ይዘፈዘፍና ይታሻል።»

ይህ ሲተረጎምለት የሰውየው ፊት እንዴት እንደሆነ ልገልጸው አልችልም። ስርቆቱን የቻለው ሰው ውሃውን መቻል አቃተው። ከዚያች ኮረብታ የመጣ ወይን፣ ነገሥታት የሚሻሙበት፣ ደርቆ፣ በውሃ! ተነሥቶ ተንቆራጠጠ፤ መድኃኒቱን ከሣጥን አውጥቶ ሰው ፊት ጠጣ። ከዚያ ፈረደ፤ ለስርቆቱ አምስት ቀን፣ ለውሃው አምስት ቀን እስራት።

ያሰሩኝ ከግቢው በር አጠገብ ባለች የእህል ጎተራ የነበረች ክፍል ውስጥ ነው። እስራቱ አላስፈራኝም። የከነከነኝ አባቴ ነው። ዘቢቡ ተገኝቷል፣ አባ ፈቅደዋል፣ ከረጢቶቹ ተመልሰዋል፤ የቀረ ሰበብ የለም፣ አንድ ብቻ ካልሆነ፤ ልጄ ታስራለች የሚል። በገዛ እጄ ሰበብ ሰጠሁት ብዬ ራሴን ረገምኩ። እናቴ ነጠላዋን አጣፍታ ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ቆማ ወደ መንገዱ ስታይ፣ ቅዳሴው ሲገባ፣ ሰው ሲያያት ታየኝ። እሱም አቸፈርን አልፎ ሲሄድ ታየኝ። ጠላሁት። አባቴን ያን ያህል ጠልቼው አላውቅም።

እሑድ ቅዳሴ ገብቶ ሲወጣ ከዚያ ሆኜ አልሰማሁም፤ ቤተ ክርስቲያናችን ከሸለቆው ማዶ ነው። እስረኛ የሚበላው ዘመዱ ያመጣለትን ነው፤ ምግብ የሚገባው ፀሐይ ካዘቀዘቀች በኋላ ነበር። ዘበኛው በሩን ከፍቶ «ሰው መጥቶልሻል» አለኝ።

እናቴ በሩ ላይ ቆማለች። ከኋላዋ አንድ ሽማግሌ አገልግል ተሸክሟል። ጠመንጃ የለውም፤ ለዚህ ነው መጀመሪያ ያላወቅሁት። አባቴ ነው። በዕድሜው አገልግል ተሸክሞ አያውቅም። ያ ዘበኛ ማንነቱን ቢያውቅ አባቴ በማግሥቱ ገበያ መካከል ይሰቀላል።

ሁለቱም አፋቸውን በነጠላ ሸፍነዋል።

ሥጋ ወደሙን የተቀበለ ሰው እንዲያ ነው የሚያደርገው፤ የተቀበለው እንዳይነጥብ እስኪመሽ አፉን ይሸፍናል፣ ነገር አያበዛም፣ ምራቁን አይተፋም። እናቴ አንድ ቃል አልተናገረችኝም። ዓይኗን ብቻ አየሁት፣ በቃኝ። አባቴ አገልግሉን አቀበለኝ። እጁ ቀዝቃዛ ነበር። ዘበኛው «አንተ ማነህ? ከየት ነህ?» ሲለው ዝም አለ። ደግሞ ጠየቀው፤ አሁንም ዝም። ዘበኛው ደንቆሮ ነው ብሎ ተወው።

ቁልቁለቱን ሲጀምሩ እናቴን ሳል ያዛት። ከቤተ ክርስቲያን ጀምራ አፍና ይዛው የመጣችው ሳል ነው፤ ጎንበስ ብላ ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ። አባቴ አቀፋት። የሷን ነጠላ በገዛ እጁ አፏ ላይ ደግፎ፣ ሳሉ እስኪያልፍላት ድረስ መንገድ ላይ ቆመ።